ስምን መልአክ ያወጣዋል፤ ቅጹን ግን ሰው ነው የሚያዘጋጀው

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 32 እያንዳንዱ ሰው የቤተ ዘመድ ስም፣ አንድ ወይም ከዚያ በላይ የተጸውዖ ስም፣ እንዲሁም የአባት ስም አለው ይላል። በአስተዳደር ሰነዶች ላይም ሰው የሚጠራው መጀመሪያ በቤተ ዘመድ ስሙ፣ ቀጥሎ በተጸውዖ ስሙ፣ በመጨረሻ በአባቱ ስም እንዲሆን ያዛል።

ሕጉ ከወጣ ከ60 ዓመት በላይ ሆነው። ዛሬ ከጎንደር እስከ ጅማ፣ ከደሴ እስከ ሐዋሳ ቢዞር የቤተ ዘመድ ስም ያለው ሰው ማግኘት ይቸግራል። አበበ ከበደ ወልዴ የሚባል ሰው ቢኖር አበበ የራሱ፣ ከበደ የአባቱ፣ ወልዴ የአያቱ ስም ነው። ልጅ ሲወልድ አበበና ከበደ አንድ አንድ ደረጃ ይወርዳሉ፤ ወልዴ ከሰልፉ ይወጣል። እንዲህ እያለ ትውልድ ይቀጥላል።

ሕጉን ያረቀቁት ታዋቂው ፈረንሳዊ የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ነበሩ። እሳቸው ባደጉበት አገር የቤተ ዘመድ ስም የሌለው ሰው አይታሰብም። ኢትዮጵያ ውስጥ ግን ሕጉ የሌለን ነገር «አለ» ብሎ ነው የደነገገው። ድንጋጌው መሬት ያልነካበት አንዱ ምክንያት እዚያው ሕጉ ውስጥ ነበር። አንቀጽ 3361 የክብር መዝገብን የሚመለከቱት ክፍሎች ወደፊት በነጋሪት ጋዜጣ በሚወጣ ትእዛዝ ሥራ ላይ እንዲውሉ አቆያቸው። ትእዛዙም ለአሥርት ዓመታት ሳይወጣ ቀረ። መዝገብ ከሌለ ጠያቂ የለም፤ ጠያቂ ከሌለ መላሽም የለም። ሕዝቡ በስሙ ቀጠለ።

ከዚያ ግን ያው ጥያቄ በሌላ በር መጣ። የዲቪ ሎተሪ ማመልከቻ በኢንተርኔት ብቻ መሞላት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። ኢንተርኔት ቤት የተሰለፈው ወጣት ከኮምፒውተሩ ፊት ሲቀመጥ የመጀመሪያው ጥያቄ «ላስት ኔም» ሆኖ ጠበቀው። ከዚያ የአየር መንገድ ትኬት፣ የኢሜይል አድራሻ፣ የውጭ ዩኒቨርሲቲ ማመልከቻ ተከተሉ። በብዙዎቹ ከባዶው ቦታ አጠገብ ትንሽ ቀይ ኮከብ አለች። ኮከቧ ባለችበት ቦታ ላይ ምንም ካልጻፉ ወደሚቀጥለው ገጽ ማለፍ የለም። የንጉሠ ነገሥቱ ሕግ ያላስገደደውን ይህች ቀይ ኮከብ አስገደደችው። ነጋሪት ጋዜጣም አላስፈለጋት፤ ፓርላማም አልተወያየባት።

ታዲያ ኮከቧን እዚያ ያስቀመጣት ማን ነው? ጥያቄው የኮምፒውተር ባለሙያዎች ብቻ ይመስላል። ታሪኩ ሲታይ ግን የአገርም፣ የሕይወትም ጥያቄ ሆኖ ይገኛል።

አንድን «ነገር» መግለጽ

ማንኛውም መዝገብ ከመከፈቱ በፊት ሁለት ነገር መወሰን አለበት። አንደኛው የምንመዘግበው ምንድን ነው የሚል ነው፤ ሰው ነው፣ ቤት ነው፣ መኪና ነው? ባለሙያዎቹ ይህን የኢንቲቲ ዓይነት ይሉታል። ሁለተኛው ስለዚያ ነገር የምንይዘው ምን ምን ነው የሚል ነው። የመኪና ከሆነ ሰሌዳ ቁጥር፣ ቀለም፣ የተሠራበት ዓመት። እነዚህ መገለጫዎቹ ናቸው። ለእያንዳንዱ መገለጫ ደግሞ ሌሎች ጥያቄዎች ይከተላሉ። ቁጥር ነው፣ ቀን ነው ወይስ ጽሑፍ? ባዶ መተው ይቻላል ወይስ ግዴታ ነው? መልሱ አንድ ብቻ ነው ወይስ ብዙ ሊሆን ይችላል? አንዱን ሰው ከሌላው የሚለይ ቁልፍ የሚሆነውስ የትኛው ነው?

ይህ አሠራር ኮምፒውተር ከመፈጠሩ በፊት ጀምሮ ነበር። አሜሪካ በ1880 ያካሄደችውን የሕዝብ ቆጠራ ውጤት አጠናቅሮ ለማውጣት 8 ዓመት ገደማ ፈጀባት። ለ1890ው ቆጠራ ኸርማን ሆለሪዝ የተባለ መሐንዲስ በካርድ ላይ ቀዳዳ እየበሱ በኤሌክትሪክ መሣሪያ የሚቆጥሩበትን ዘዴ አመጣ። ወደ 63 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ በካርድ ሆነ። የሆለሪዝ ኩባንያ ከሌሎች ጋር ተዋሕዶ ኋላ አይቢኤም የሚባለውን ግዙፍ ድርጅት ወለደ።

ካርዱ ላይ ግን እያንዳንዱ ቀዳዳ አስቀድሞ የተወሰነ ትርጉም ነበረው። በዚያ ቆጠራ «ዘር» ለሚለው ጥያቄ ከተፈቀዱት መልሶች መካከል ነጭና ጥቁር ብቻ ሳይሆኑ ከጥቁርና ከነጭ የተወለደ፣ ሩብ ጥቁር፣ አንድ ስምንተኛ ጥቁር የሚሉ ነበሩባቸው። ቆጣሪው የሰውየውን ፊት አይቶ ስምንተኛውን ከሩቡ እንዲለይ ይጠበቅበት ነበር። ከ10 ዓመት በኋላ በ1900ው ቆጠራ እነዚህ ክፍልፋዮች ከቅጹ ወጡ። ሰዎቹ የትም አልሄዱም፤ የጠፋው የሚቆጠሩበት ቦታ ነው። ሰው በመዝገብ ውስጥ ይኖር ዘንድ መኖሩ ብቻ አይበቃውም፤ ቅጹ ላይ ቦታ ሊኖረው ይገባል።

እ.ኤ.አ. በ1970 በአይቢኤም ይሠራ የነበረው እንግሊዛዊው የሒሳብ ሰው ኤድጋር ኮድ መረጃን በሰንጠረዥ ማደራጀትን በጽሑፍ አስተዋወቀ። በ1976 ታይዋን የተወለደው ፒተር ቼን ደግሞ ዓለምን «ነገሮች»፣ «መገለጫዎቻቸው»ና «በመካከላቸው ያሉ ግንኙነቶች» ብሎ የመሳል ዘዴውን አሳተመ። ዛሬ በዓለም ላይ ያለ ባንክ፣ ሆስፒታልና መሥሪያ ቤት ዳታቤዙን ሲያሠራ በአብዛኛው በእነዚህ ሁለት ሰዎች ቋንቋ ነው የሚነጋገረው።

ዌብ ሰርቪስ ሲመጣ ነገሩ አንድ እርምጃ ከፍ አለ። አንድ መሥሪያ ቤት መረጃውን ለራሱ ብቻ ከመያዝ አልፎ ሌሎች ሲስተሞች እንዲጠይቁት በር ከፈተ። ማይክሮሶፍት የጀመረውና በ2014 ዓለም አቀፍ ደረጃ ሆኖ የጸደቀው ኦዳታ የተባለው ስምምነት ለምሳሌ እያንዳንዱ አገልግሎት የነገሮቹን ዓይነት፣ መገለጫዎቻቸውንና ባዶ መሆን የሚችሉትን ዘርዝሮ በግልጽ እንዲያሳውቅ ያደርጋል። ከዚያ በኋላ ዝርዝሩ ውል ነው። መቶ ሌሎች ፕሮግራሞች እሱን አምነው ይሠራሉ። አዲስ መገለጫ መጨመር ቀላል ነው፤ የነበረውን ማውጣት ወይም መለወጥ ግን የመቶዎቹን ሥራ ያፈርሳል። ስለዚህ አንድ ጊዜ የገባ ስሕተት እንደ ወንዝ ድንጋይ ተቀምጦ ይቀራል።

የአባት ስም ስም ነው ወይስ ዝምድና?

የኢትዮጵያዊ ስም ለዚህ አሠራር ለምን እንደሚያስቸግር አሁን ግልጽ ይሆናል። በምዕራቡ ልማድ የቤተሰብ ስም የቤተሰቡ ንብረት ነው፤ ባል፣ ሚስትና ልጆች ይጋሩታል። በእኛ «ከበደ» የአበበ መገለጫ አይደለም። ከበደ የሚባል ሌላ ሰው ነበረ፤ አበበም የእሱ ልጅ ነው። በፒተር ቼን ቋንቋ ይህ ከአንዱ ነገር ወደ ሌላው የሚያመለክት ግንኙነት ነው። ቅጹ ግን ዝምድናውን እንደ ተራ ጽሑፍ ሞልተን እንድናልፍ ይጠይቀናል።

ውጤቱ የሚታየው በስደት አገር ነው። ዋሽንግተን አካባቢ ያለ ክሊኒክ ውስጥ ተቀባይዋ «ሚስተር ወልዴ» ብላ ስትጣራ የምትጠራው ከዓመታት በፊት የሞቱትን አያት ነው። ባልና ሚስት በመዝገብ ሲታዩ የሚዛመዱ አይመስሉም። እናት ከልጇ ጋር ስትጓዝ ስማቸው ስለማይገጥም የእናትነት ማስረጃ ልትጠየቅ ትችላለች። አንድ ስም ብቻ ባለው ፓስፖርት የሚመጣ ሰው ደግሞ በአሜሪካ ቪዛው ላይ በመጀመሪያ ስሙ ቦታ «ኤፍ ኤን ዩ» ተብሎ ይጻፍበታል፤ «የመጀመሪያ ስሙ የማይታወቅ» ማለት ነው። ሰውየው ስሙን ያውቀዋል፤ እናቱም ያውቁታል። የማያውቀው ቅጹ ብቻ ነው።

በእስራኤል ያሉት ቤተ እስራኤላውያንም ይህን አይተውታል። በግንቦት 1983 ዓ.ም. በዘመቻ ሰሎሞን ከ14,000 በላይ ሰዎች ከአዲስ አበባ በአንድ ቀን ተኩል ገደማ ሲወሰዱ፣ ከዚያ በፊትም በሱዳን በኩል ሲሄዱ፣ ብዙዎቹ ሲደርሱ የቤተሰብ ስም እንዲኖራቸው ተደርጓል። የአባት ወይም የአያት ስም የቤተሰብ ስም ሆነ፤ ለብዙዎች ዕብራይስጥ ስም ተሰጠ፤ የልደት ቀን በግምት ተሞላ።

የልደት ቀን ጉዳይም ከዚህ አይለይም። የኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር 13 ወር አለው፤ ጳጉሜን 5 ወይም 6 ቀን ናት። ለብዙው ሲስተም ግን «ቀን» ማለት የጎርጎርዮሳዊው ቀን ብቻ ነው። ጥቅምት 30 የተወለደ ሰው 2ኛ ወር፣ 30ኛ ቀን ብሎ ቢሞላ ኮምፒውተሩ እንዲህ ያለ ቀን የለም ይለዋል። ጳጉሜን 3 የተወለደችው ደግሞ 13ኛ ወር የሚባል አታገኝም። ቀኑን በትክክል የማያውቅ ስደተኛ ቀንና ወር ካልሞላ አያልፍምና ጥር 1 ቀን በፈረንጆቹ ተብሎ ይመዘገባል። ለዚህ ነው በስደተኛ ሠፈሮች ብዙ ሰው በአዲስ ዓመት ዕለት «የተወለደ» የሆነው። «አላውቅም» የሚል መልስ ያልተፈቀደበት ቅጽ ውሸት ያስጽፋል።

የግዕዝ ፊደል ራሱ በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ ሰንጠረዥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት «ስም» የሚለው ቦታ በአብዛኛው የዓለም ኮምፒውተር ላይ ፀሐይን በፊደሏ መቀበል አይችልም ነበር። በላቲን ሲጻፍ ደግሞ ያው ስም በሦስት በአራት አጻጻፍ ይወጣል፤ በዲግሪው አንድ፣ በፓስፖርቱ ሌላ፣ በባንክ ደብተሩ ሦስተኛ ሰው ይሆናል።

ይህ ሁሉ ያንገላታል፣ ጊዜ ያባክናል፣ አንዳንዴም ዕድል ያሳጣል። ሰው የሚገድለው ዓምድ ግን ሌላ ነው።

አምስተኛው መስመር

ሶቪየት ኅብረት የአገር ውስጥ ፓስፖርት ያስተዋወቀችው በታኅሣሥ 1932 ነው። ከመገለጫዎቹ አንዱ ብሔር ነበር። በሥራ መጠይቆች ላይ በ5ኛ ተራ ቁጥር ይሰፍር ስለነበር ሕዝቡ «አምስተኛው መስመር» እያለ ይጠራው ጀመር። መጀመሪያ ላይ ሰው ብሔሩን ራሱ ይናገር ነበር። በ1938 ግን የውስጥ ጉዳይ ኮሚሳሪያቱ ብሔር በወላጆች እንዲወሰን አዘዘ። ከሁለት ብሔር የተወለደ ልጅ 16 ዓመት ሲሞላው ከአባቱና ከእናቱ አንዱን መምረጥ ነበረበት። ሁለቱንም መጻፍ አይቻልም። የለኝም ማለትም አይቻልም።

ይህ ዓምድ ሲገባ ዓላማው ለትናንሽ ብሔሮች ቦታ መስጠት ነው ተብሎ ነበር። በ1941 የቮልጋ ጀርመኖች፣ በ1944 ቼቼኖችና የክሪሚያ ታታሮች ከነቤተሰባቸው እየተጫኑ ወደ መካከለኛው እስያና ሳይቤሪያ ሲጋዙ ያው መገለጫ የመለያ ምልክት ሆነ። አይሁድም በዩኒቨርሲቲ በር ላይ የሚመለሱት በአምስተኛው መስመር ነበር። ሩሲያ ከፓስፖርቷ ላይ ያወጣችው በ1997 ነው።

ኔዘርላንድስም የራሷ ታሪክ አላት። ከጦርነቱ በፊት በአውሮፓ እጅግ ከተደራጁት የሕዝብ መዝገቦች አንዱ የእሷ ነበር። ሃይማኖትም በመዝገቡ ላይ ይሰፍር ነበር። ዓላማው ክፉ አልነበረም፤ ንጹሕና የተሟላ መዝገብ መያዝ ለአስተዳደር ይጠቅማል ተብሎ ነው። በ1940 ናዚዎች ሲገቡ መዝገቡን አልሠሩትም፤ ተሠርቶ ጠበቃቸው። በኔዘርላንድስ ከነበሩት 140,000 ገደማ አይሁድ መካከል ከ100,000 በላይ ተገደሉ፤ ከአራቱ ሦስቱ ማለት ነው። በመጋቢት 1943 የተቃውሞ ታጋዮች የአምስተርዳምን የመዝገብ ጽሕፈት ቤት በእሳት አጋዩት። ብዙዎቹ ተይዘው ተረሸኑ፤ አብዛኞቹ ካርዶች ግን ተረፉ። አበው ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል ያሉት ይህን ነው። ቅጽ የሚያዘጋጀው ደግ ባለሙያ የሚከፍተው ቀዳዳ ማን እንደሚገባበት አያውቅም።

ወደ አፍሪካ ስንመጣ ሩዋንዳ አለች። የቤልጅየም ቅኝ አስተዳደር በ1930ዎቹ መጀመሪያ ሕዝቡን ቆጥሮ ሁቱ፣ ቱትሲ፣ ትዋ የሚል መታወቂያ አደለ። ቀድሞ ሰው በኑሮው ሊሻገረው ይችል የነበረው ድንበር በወረቀት ላይ ደረቀ፤ ከአባት ወደ ልጅ ይወረስ ጀመር። አገሪቱ ነፃ ከወጣች በኋላም ማንም አላነሣውም። በ1994 በየኬላው የቆመው ሚሊሻ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነበር፤ መታወቂያ። ያችን አንዲት መስመር አንብቦ ያሳልፋል ወይም ይገድላል። ከጭፍጨፋው በኋላ መስመሯ ከመታወቂያው ላይ ጠፋች።

በሦስቱም አገሮች ዓምዱ ብቻውን ማንንም አልገደለም። ጥላቻ፣ ጦርነትና ሥልጣን ያስፈልጉታል። ነገር ግን ገዳይ ሊያደርገው የሚቸግረውን ሥራ፣ ማን ማን እንደሆነ መለየትን፣ አስቀድሞ ሠርቶ አስቀመጠለት።

የኢትዮጵያ አንቀጽ

ስለ ዳታ ሞዴል ሲወራ የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት የሚነሳበት ምክንያት ያለ አይመስልም። አንቀጽ 39 ንዑስ አንቀጽ 5 ሲነበብ ግን ሌላ ነው። ብሔር፣ ብሔረሰብ፣ ሕዝብ ማለት ምን እንደሆነ በመገለጫ ይዘረዝራል፤ ሰፋ ያለ የጋራ ባህል ወይም ተመሳሳይ ልማዶች፣ የሚግባቡበት የጋራ ቋንቋ፣ የጋራ ወይም የተዛመደ ህልውና አለን ብሎ ማመን፣ የሥነ ልቦና አንድነት፣ በአብዛኛው በተያያዘ መልክዓ ምድር መኖር። ይህ አንድን የኢንቲቲ ዓይነት በመገለጫዎቹ መግለጽ ነው። ዝርዝሩ በ1913 ስታሊን ካስቀመጠው የብሔር ትርጉም ጋር ያለው ዝምድና በተማሪው ንቅናቄ ዘመን ያደገ ሰው የሚስተው አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ የሚታለፍ ነጥብ አለ። ሕገ መንግሥቱ የገለጸው ቡድንን ነው። ባህልና ቋንቋ፣ መልክዓ ምድርም የቡድኑ መገለጫዎች ናቸው። የእያንዳንዱ ግለሰብ መታወቂያ ላይ ብሔር ይጻፍ የሚል ነገር በሕገ መንግሥቱ የለም። የቀበሌ መታወቂያ ግን በብዙ ቦታ ለዓመታት ብሔር የሚል መስመር ይዞ ኖሯል። የቡድን መብት ነው የተባለው ነገር በቀበሌ ጸሐፊ እጅ የግለሰብ መገለጫ ሆነ፤ ግዴታ ሆነ፤ አንድ መልስ ብቻ የሚቀበልም ሆነ።

እናቷ አማራ፣ አባቷ ኦሮሞ የሆነች ልጅ 18 ዓመት ሞልቷት ቀበሌ ስትሄድ የጠበቃት ያው የሶቪየቱ የ16 ዓመት ልጅ ምርጫ ነው። ብዙ ጊዜ ጸሐፊው የአባቷን ይጽፍና ያልፋል። አያቷ ጉራጌ መሆናቸው፣ ተወልዳ ያደገችው ድሬዳዋ መሆኑ፣ በቤቷ የሚነገረው ሦስት ቋንቋ መሆኑ የሚጻፍበት ቦታ የለም። መስመሩ አንድ ነው። በሰላሙ ጊዜ ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል። ባለፉት ዓመታት በየመንገዱ በኬላ የቆመ፣ መታወቂያውን ሲያወጣ እጁ የተንቀጠቀጠ ሰው ግን ትንሽ አለመሆኑን ያውቃል።

በአንጻሩ አሜሪካ በ2000 ባደረገችው ቆጠራ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ከአንድ በላይ ዘር እንዲመርጥ ፈቀደች። 6.8 ሚሊዮን ሰዎች፣ ከሕዝቡ 2.4 በመቶ፣ ከአንድ በላይ መረጡ። እነዚያ ሰዎች ከዚያ በፊትም ነበሩ። ቅጹ ነው የተለወጠው።

ተቃራኒው ክርክር ሊናቅ አይገባም። ብሔር ካልተመዘገበ አድልዎ መኖሩ በምን ይታወቃል? በመንግሥት ሥራ ማን እንደተገለለ፣ የትኛው ሕዝብ ትምህርት ቤት እንዳጣ እንዴት ይለካል? ፈረንሳይ የዜጎቿን ዘር አልመዘግብም ስትል አድልዎን ለመለካት እንደምትቸገር የሚወቅሷት የገዛ አገሯ ሰዎች ናቸው። ክርክሩ እውነት አለው። መልሱ ግን ሁለት መዝገቦችን ከመለየት ይጀምራል። የሕዝብ ቆጠራ ስለ ሕዝብ ይናገራል፤ ስምህን ከመልስህ ነጥሎ ድምር ያወጣል። መታወቂያ ስለ አንተ ይናገራል፤ በኬላ፣ በባንክ፣ በፖሊስ ጣቢያ አንተን ያሳያል። አድልዎን ለመለካት የሚያስፈልገው የመጀመሪያው ነው። ኢትዮጵያ ግን ከ1999 ዓ.ም. ወዲህ ቆጠራ አላካሄደችም። ለፖሊሲ የሚጠቅመው መዝገብ አርጅቶ ለኬላ የሚመቸው መዝገብ በየኪሱ ሲዞር ኖረ።

ፋይዳ እና ቁልፉ

በ2015 ዓ.ም. የወጣው የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284 የተለየ መንገድ መርጧል። ፋይዳ የሚይዘው ስም ከነአባትና አያት፣ የልደት ቀን፣ ጾታ፣ አድራሻና የመሳሰለውን ነው፤ ከዚህ ጋር የጣት አሻራ፣ የዓይን አይሪስና የፊት ምስል አለ። ብሔር የለም። ሃይማኖት የለም። «ላስት ኔም» የሚል ቀይ ኮከብም የለም፤ የአባት ስም የአባት ስም፣ የአያት ስም የአያት ስም ሆኖ ተቀመጠ። ሬኔ ዳቪድ ያላዩትን የአገሩ ልጆች አዩት። ይህ በቅጽ ታሪካችን ውስጥ ትልቅ ውሳኔ ነው፤ የሚገባውን ያህል ግን አልተወራለትም።

ሆኖም አንድ ነገር ከመዝገብ ማውጣት ነገሩን ከዓለም አያወጣውም። ፋይዳ ከሁሉ በላይ ቁልፍ ነው። አንድ ሰው አንድ ቁጥር፤ ባንኩም፣ ቴሌውም፣ ግብር ሰብሳቢውም፣ ትምህርት ቤቱም በዚያ ቁጥር ይጠራዋል። የቁልፍ ትልቁ ጥቅም ሁለት መዝገቦችን ማገናኘቱ ነው። ትልቁ አደጋውም ይኸው ነው። ፋይዳ ራሱ ብሔር ባይዝም፣ የፋይዳ ቁጥር የተጻፈበት አንድ የቀበሌ ወይም የመሥሪያ ቤት መዝገብ ብሔር ከያዘ፣ ሁለቱን አገናኝቶ ዝርዝር ማውጣት የደቂቃዎች ሥራ ነው። በአምስተርዳም ብዙ ጸሐፊና ብዙ ወር የፈጀው ነገር ዛሬ አንድ መስመር ትእዛዝ ብቻ ይፈልጋል።

ስለዚህ «በፋይዳ ላይ ብሔር የለም» የሚለው መልስ እውነት ቢሆንም ግማሽ ነው። ሙሉ መልስ የሚሆነው ቁጥሩ የሚገባበት ሌላ መዝገብ ሁሉ ምን ምን መገለጫ እንደያዘ ሲታወቅ ነው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ዘርና ብሔርን፣ ሃይማኖትንና ጤናን የመሰሉ መረጃዎችን ጥብቅ ጥበቃ ከሚሹት መድቧቸዋል። ሕጉ አለ። ሕግ ብቻውን የማይበቃ መሆኑን ግን አንቀጽ 32ም፣ የቀበሌው መስመርም በየፊናቸው አሳይተዋል። አንዱ ተጽፎ ሳይሠራ ቀረ፤ ሌላው በሕገ መንግሥቱ ሳይጻፍ ሠራ።

ከዚህ ታሪክ የሚወሰደው ትምህርት ለፕሮግራመር ብቻ አይደለም። ማንኛውም ዜጋ ቅጽ ሲሰጠው አራት ነገር ሊጠይቅ ይችላል። ይህ ጥያቄ ለምን ተጠየቀ? ባዶ ብተወው ምን እሆናለሁ? መልሴ ሁለት ቢሆን ይቀበለኛል? ነገ ከሌላ መዝገብ ጋር የሚያገናኘው ማን ነው? ምክር ቤቱም አዋጅ ሲያጸድቅ የአንቀጾቹን ያህል በቅጹ ላይ ሊከራከር ይገባዋል። አዋጁን የሚያነበው ጥቂት ሰው ነው፤ ቅጹን ግን ሁሉም ይሞላዋል።

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። ሊሆን ይችላል። ከስሙ ቀጥሎ ያለው ባዶ ቦታ ግን ከሰማይ አልወረደም። አንድ ሰው አንድ ቀን ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ «ይህም ይጠየቅ» ብሎ ጨመረው። የጨመረው ሰው ከሆነ ሊያወጣውም የሚችለው ሰው ነው፤ የሚያወጣው ግን ሰላም እያለ ነው። ኬላ ከቆመ በኋላ ቅጽ የሚያርም የለም።